የፎሶሊያው ጠርሙስ

ጠርሙስ ማሸግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይንገረኝ እል ነበር፣ እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቲማቲምና ኮክ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ ኦቨን ውስጥ ደርድሬ አንድ ሰዓት አቆየዋለሁ። አውጥቼ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ቀጭ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በቃ፣ ዓመት ይቀመጣል። ጎረቤቶቼ ከኋላዬ "ሥራ አስኪያጇ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ።

ዘንድሮ ፎሶሊያ ረከሰና ለምን አልሞክረውም አልኩ። ታጠበ፣ ተከተፈ፣ ጨው ያለው ውሃ ተጨመረበት፣ እንደ ቲማቲሙ ኦቨን ገባ። አምስቱን ጠርሙስ መደርደሪያዬ ላይ አኖርኩ፣ አንዱን ለምራቴ ሰጠኋት። ልጄን ካገባች ሦስት ዓመቷ ነው፣ እኔ ግን እስከዛሬ ሙሽሪት ነው የምላት። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ልጄ ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ የሳምንቱን ግማሽ ቤቱን አያየውም። እሷን እኔ ካላበላኋት ማን ያበላታል? በሰጠኋት ቁጥርም "እጅዎት ይባረክ እማማ፣ ጣት ያስቆረጥማል" ትለኛለች። ባዶ ጠርሙሶቼን መልሺ ስላት ብቻ ለጨው ለስኳር ይዣቸዋለሁ እያለች ታስቸግረኛለች።

ማክሰኞ ጠዋት መደርደሪያዬን ስወለውል የአንዱ ፎሶሊያ ክዳን ወደ ላይ አብጧል። ጫን ባደርገው ተመልሶ ብቅ አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ነገሩ አላምር አለኝና ፎቅ ላይ የምትኖረውን ነርስ ጠራኋት። መጥታ ገና ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። እንዳይከፍቱት፣ እንዳይቀምሱት አለችኝ። በኦቨን ነው ያሸግሁት ስላት ራሷን ያዘች። ኦቨኑ የቱንም ያህል ቢግል ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከፈላ ውሃ በላይ አይሞቅም፤ ቲማቲምና ኮክ ስለሚኮመጥጡ እስከዛሬ ዕድል ጠብቆኛል፤ ፎሶሊያ ውስጥ ግን በዚያ ሙቀት የማይሞት ጀርም ይኖራል፣ ታፍኖ ሲቀመጥም መርዝ ይሠራል አለች። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። የበላው ሰው ወዲያው ምንም አይሆንም፤ ሲቆይ ነው ዓይኑ ሁለት ሁለት የሚያየው፣ የዓይኑ ቆብ የሚከብደው፣ መዋጥ የሚያቅተው። በመጨረሻም ትንፋሹ ይያዛል።

ከዚህ የበላ ሰው አለ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ሙሽሪት ትዝ አለችኝ። ስልኬን አንስቼ ደወልኩ።

"ሙሽሪት፣ ያ ፎሶሊያ እንዴት ሆነ?"

"በላሁት እኮ እማማ። ትናንት ምሳ ላይ ጨረስኩት። ጣት ያስቆረጥማል።"

ነርሷ አጠገቤ ቆማ ንገሪያት፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ትሂድ እያለች በእጇ ትጠቁመኛለች። ክብሩም አንቱታውም ጠፍቶባታል። እኔ ግን እቤት ቆዪኝ፣ መጣሁ ብዬ ዘጋሁት። እርጉዝ ናት፣ በስልክ ባስደነግጣት ሌላ ጣጣ ይመጣል አልኳት ለነርሷ። ውሸቴን ነበር። አፍሬ ነው። ሃያ ዓመት ጠርሙስ ማሸግ አገር ሳስተምር ኖሬ መርዝ አበላሁሽ ልበላት?

ታክሲው ውስጥ ዕድሜዬን ጨረስኩት። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ሹፌሩ ዘና ብሎ ስለ ቤንዚን ያወራኛል። ትናንት ምሳ ላይ፣ ትናንት ምሳ ላይ እያልኩ ሰዓቱን በጣቴ እቆጥራለሁ። ለልጄ ምን እለዋለሁ? ያልተወለደውስ ምን አጠፋ? እጄ በተቆረጠ አልኩ፣ ሹፌሩ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብዬ።

በሩን ስትከፍትልኝ ያየሁት ዓይኗን ነው። የአንደኛው ቆብ ወደ ታች ወርዷል። ወይ ጉዴ። አገጯን ይዤ ወደ መስኮቱ አዞርኳት፤ ስንት ጣት ነው አልኳት፣ ምራቅሽን ዋጪ አልኳት። ግራ ገብቷት ተኝቼ ነበር እማማ፣ አሁን መነሳቴ ነው አለችኝ። አላመንኳትም። ነጠላ ጫማዋን እግሯ ላይ እየሰካሁ ታክሲ ቆሞልናል፣ ሆስፒታል እንሄዳለን አልኩ። ለምን አለች። ክንዷን ጎተትኩ። ካልነገሩኝ አልሄድም ብላ የበሩን መቃን ያዘች።

ከዚያ በኋላ መሸሽ አልቻልኩም።

"ፎሶሊያው መርዝ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። መርዝ አብልቼሻለሁ፣ ልጄ።"

እጇን ከመቃኑ አነሳች። ሆዷን ትይዛለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ተከተልኳት። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ከፍታ ወደ ጎን ቆመች።

ጠርሙሶቼ እዚያ ናቸው። የአምና ኮክ፣ የካቻምና ቲማቲም፣ አቧራ የጠጡ፣ ክዳናቸው ያልተነካ። ከፊት ለፊት ፎሶሊያው ተቀምጧል፣ ክዳኑ ወደ ላይ አብጦ።

"አልበላሁትም" አለች። "አንዱንም በልቼ አላውቅም።"

ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። አለቀስኩ፣ ሳቅኩም መሰለኝ። እግሯን አቅፌ እሰይ፣ እሰይ የእኔ ልጅ፣ እንኳን አልበላሽው አልኩ። እሷም ጎንበስ ማለት ስላቃታት ራሴን በእጇ ትዳብሰኝ ነበር። ትንፋሼ ሲመለስ ግን ያው አመሌም አብሮ ተመለሰ።

"ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን ዋሸሽኝ? ዛሬ በድንጋጤ ልትገድዪኝ ነበር እኮ።"

"የመጀመሪያው ቲማቲም ስከፍተው አረፋ ነበረው፣ ደፋሁት። ልነግርዎት ፈልጌ ነበር።" ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። "ግን ለእርስዎ ማን ደፍሮ ይናገራል? ሾርባዎት ጨው በዛበት ስላልኩ ሁለት ወር ዘግተውኛል።"

እውነቷን ነው፣ ዘግቻታለሁ። ልጄ እንኳን ሊያስታርቀን መጥቶ በሩን ሳልከፍትለት ቀርቻለሁ። ያችን አረፋ ያኔ ብትነግረኝ ዘንድሮ ፎሶሊያ አላሽግም ነበር። በልታውስ ታማ ሆስፒታል ብትገባና ሐኪም የበላሽው ምንድን ነው ቢላት? እኔ አጠገቧ ከቆምኩ፣ ፎሶሊያውን ደብቃ እጅዎት ይባረክ ነበር የምትለኝ።

ነርሷ ጋ ደውዬ አልበላችውም አልኳት፤ ጠርሙሶቹን ሳንከፍት እንዴት እንደምንጥላቸው ነገረችን። ታክሲውን አሰናበትኩ። ከዚያ ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ፣ እሷንም ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት።

"በይ የሾርባውን ንገሪኝ" አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። የምሬን መሆኑን ስታውቅ "ጨው ብቻ አልነበረም እማማ" ብላ ጀመረች። ብዙ ነበር። እስክትጨርስ አላቋረጥኳትም።