የዳይሬክተሩ ቀኝ እጅ

ልብስ ሰፊው ሲያጣድፉት አይወድም። ታናሽ እህቱ ደግሞ ሳታጣድፍ የመጣችበት ቀን የለም።

የእሷ ሥራ ብርሃን ነው። ግድግዳ ሙሉ አምፖል ትደረድርና ሰው ሲንቀሳቀስ እንዲበራ ታደርጋለች። አምፖሎቹን የሚያዘውን ፕሮግራም የጻፉት ሰዎች ኮዱን ለማንም ክፍት አድርገው ኢንተርኔት ላይ ለቀውታል፤ የፈለገ ወስዶ እንዳሻው ያርመዋል። ያን ሰሞን የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ አራት ሴንሰሮች አምጥታ ወንድሟ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈች።

"ጋሼ፣ እነዚህን የዳንሰኛዋ ልብስ እጅጌ ውስጥ ስፋልኝ። ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ። እጇን ስታነሳ ግድግዳው ይበራል።"

"ገመዱስ?"

"ገመድ የለውም። በአየር ነው የሚሄደው።"

"እሺ" አለ፤ አላመነም። "መቼ ይድረስ?"

"ዛሬ።"

እዚያው ጠረጴዛ ላይ የደንበኛው፣ ትርኢቷ የሚቀርብበት ጋለሪ ዳይሬክተር፣ ኮት የእጅጌው ገበር ተተርትሮ ተጋድሟል።

በመክፈቻው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ዳንሰኛዋ ጨለማው ግድግዳ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። ዳይሬክተሩ "ሁለት ቃል ብቻ" ብሎ ማይክ ያዘ። "ጥበብ!" ብሎ ቀኝ እጁን ሲያነሳ ግድግዳው ቦግ አለ። ሰው አጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ዞሮ አየና የንግግሩ ኃይል መሰለው። "ትውልድ!" አለ፤ ቦግ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! ሃያ ደቂቃ ሞላው። አፍንጫውን ሲያክ እንኳ ግድግዳው ብልጭ ድርግም ይላል።

እህትየው ላፕቶፗን አየች። ከአራቱ ሴንሰሮች የሚንቀሳቀሰው ቁጥር ሦስት ብቻ ነው። ኋላ ወንበር ወደተቀመጠው ወንድሟ ሄደች።

"ጋሼ፣ ልብሷ ላይ ስንት ሰፋህ?"

በጣቶቹ ቆጥሮ፣ "ሦስት" አለ።

"የቀረው አንዱስ?"

በአገጩ ወደ መድረኩ ጠቆመ። "ገበሩ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም። አጣድፈሽኝ ነበር እኮ።"

ንዴትም ሳቅም አንድ ላይ መጣባት፤ ከንፈሯን ነከሰች። ሰውዬውን በሕዝብ ፊት ኮት አውልቅ አይባልም። ኮዱን ከፈተችና አንድ መስመር ጨመረች፦ ቁጥር ሦስትን አትስማ።

"ተስፋ!" አለ ዳይሬክተሩ። ግድግዳው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ግራ እጁንም ሞከረ። በመጨረሻ "በዚሁ ላብቃ" ብሎ ተቀመጠ፤ የዕለቱ ከሁሉ የሞቀ ጭብጨባ ያኔ ተሰማ።

ዳንሰኛዋ ደነሰች። ግድግዳው በግራ ደምቆ፣ በቀኝ ፈዘዝ ብሎ በራ። አንድ ጋዜጠኛ የቀኙ መፍዘዝ ምን ያመለክታል ብሎ ጠየቀ።

"የልብስ ሰፊ ችግር" አለች። ጻፈው።

ሰኞ ዳይሬክተሩ ክንዴን ይቆረቁረኛል ብሎ ኮቱን መለሰ፤ ልብስ ሰፊው ተርትሮ ያወጣውን አወጣለት። እህትየው ደግሞ ያቺን መስመር ለሌሎችም እንድትጠቅም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀቻት። ከማታውቃት ሴት ምስጋና መጣላት፦ "እኛም ጋ ዳይሬክተር አለ።"

ለወንድሟ አነበበችለት። መርፌውን አቁሞ አሰበ።

"የእነሱን ልብስ የሚሰፋው ማነው?" አለ።