የሚረገጠው ጊታር

አባባ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቃችን ከሓወልቲ፣ ከከተማችን ሐውልት፣ ወረድ ብሎ፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮትና ሁለት የስፌት መኪና ያለው ነው። ሁለት ማለቴ ለጉራ ነው። አንዷ አባባ ቀን ሙሉ የሚሰፋባት ናት፤ ሌላዋ እግር ብቻ ናት። የላይኛው መኪና አርጅቶ ከተጣለ ቆይቷል፤ የቀረው የብረቱ እግር፣ ከላይ ጠረጴዛው፣ ከታች ደግሞ መርገጫው ነው። ለዓመታት ጓዳ ውስጥ ጨርቅ ሲከመርበት ኖሯል። እኔ ነኝ ጊታር ያደረግኩት። ላድርገው ብዬ አልጠየቅኩም፣ ስለዚህ የከለከለኝ የለም።

ነገሩ የጀመረው ከፊዮሪ ስልክ ነው። ፊዮሪ ጓደኛዬ ናት፤ ሓወልቲ አጠገብ አንድ ካፌ ውስጥ ታስተናግዳለች። ካፌው ዋይፋይ አለው፣ እኔ ደግሞ ፊዮሪ አለችኝ። አንድ ቀን ደንበኛ እስኪመጣ ስልኳን ስትነካካ አጭር ቪዲዮ አሳየችኝ። ባርኔጣ ያጠለቀ ወፍራም ሰውዬ፣ እንደ ጠረጴዛ ከተጋደመ ጊታር ኋላ ተቀምጧል። በግራ እጁ የያዘውን ድብልብል ብረት ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ በቀኙ ይመታል፣ ከታች ደግሞ በእግሩ ይረግጣል። ሲረግጥ ድምፁ ሳይቆረጥ ከፍ ይላል። እንደ ሰው ያለቅሳል፤ ያውም እንደ ሀብታም ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ነገ ሥራ እንደሌለበት። ፊዮሪ ከሥሩ የተጻፈውን «ፔዳል ስቲል ጊታር» ብላ አነበበችልኝ። እኔ ግን እግሩን ነበር የማየው። ያ እግር የልብስ ሰፊ እግር ነው። እሱ ደግሞ እኔም ጋ አለ።

ፊዮሪ የሰውዬውን ትምህርቶች ካፌው ውስጥ እያወረደች ስልኬ ላይ ትጭንልኝ ጀመር። ስሙን ስላላወቅን ጋሽ ባርኔጣ አልነው። እኔ ትምህርት የተውኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ፔሬዱ ስለሚረዝምብኝ። ጋሽ ባርኔጣ ግን ደቂቃ ሳይሞላ አስተምሮ ይጨርሳል፣ ወላጅ አምጪ አይልም፣ ካልገባሽ ራሱ ከመጀመሪያው ይጀምርልሻል። የሚናገረው እንግሊዝኛ በአፍንጫው ስለሚወጣ ለፊዮሪም አልገባትም። እጁን አይቼ ተማርኩ። እግሩን የሚያሳየው ቪዲዮ ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በጣም አጭር። እግሩ ይወርዳል፣ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይነሳል፤ ከኋላው ቢጫ ድመት ይተላለፋል። ድመት ይወዳል ማለት ነው ብዬ አለፍኩት።

ብረቱን የሠሩልኝ ኣይተ ሓድጉ ናቸው። በያጅ ናቸው፤ ቤታቸው ከሱቃችን ጋር ግድግዳ ይጋራል። ቪዲዮውን ሳሳያቸው እስከ መጨረሻው አዩና ሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ይህ እብደት ነው» አሉኝ፣ «ግን ይሠራል።» ጠረጴዛው ላይ የክር መወጠሪያ በየዱልኝ። ከክሮቹ ሁለቱን በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ከመርገጫው ጋር አገናኙና፣ ሲለቀቅ እንዲመለስ ሞላ ጨመሩበት። ከተሰበረ ስልክ ያወጡትን ትንሽ ማይክ ከጠረጴዛው ሥር ለጥፈው በአባባ አሮጌ ቴፕ ድምፅ እንዲሰጥ አደረጉ። እኔም በክፍያ ፈንታ የቱታቸውን ኪሶች በሙሉ ሰፋሁላቸው። በኋላ ሳየው መሰፋት የማያስፈልገውም ኪስ ነበር።

የጋሽ ባርኔጣ አቃኛኘት ስላልገባኝ በማውቀው ቃኘሁት፣ በትዝታ። ሽቦው የሚስባቸው ሁለቱ ክሮች ናቸው ነገሩን የሚለውጡት። መርገጫው ሲነሳ ትዝታው ይከፋዋል፣ ሲረገጥ ደግሞ ፊቱ ይፈካል። አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ጠባይ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። የምጫወተው ነገር ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። እጄ ጋሽ ባርኔጣን መስሏል፣ ብረቱ ይንሸራተታል፣ ግን ዜማው ሳቅ ሲጀምር ያለቅሳል፣ ለቅሶ ሲጀምር ይስቃል። ፊዮሪ ሰምታ «ፍየል በሚኒባስ ስትሄድ እንዲህ ነው የምትለው» አለችኝ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሱሪ ልታስጠብብ የመጣች አንዲት ልጅ ደግሞ አባባን ቀስ ብላ ውስጥ ሰው ታሟል ወይ ብላ ጠየቀችው። አባባ ልጄ ናት፣ ደህና ናት አላት። ሱሪውን ሲለካ ግን ለብቻው ያጉረመርም ነበር።

እንዲህ እያለሁ ነው አጎቴ አብዱልወዱድ የመጡት።

አጎቴ የአባባ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ሐይቅ ከተማ ነው የሚኖሩት፣ እሳቸውም ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ የስፌት መኪና አግኝተዋል፣ ግን እግር የለውም። አባባ ደግሞ ክር ሳልወጥርበት በፊት በስልክ፣ እግሩ እኛ ጋ ያለ ሥራ ተቀምጧል፣ መጥተህ ውሰድ ብሏቸዋል። ቃል ነው። አጎቴም ለዚሁ ብለው ከሐይቅ በአውቶቡስ መጡ፣ አንድ ጆንያና የሚጭኑበት ገመድ ይዘው። እግሩን ፈልገው ወደ ጓዳ ሲገቡ ሽቦ፣ ክር፣ ሞላና ቴፕ አገኙ። ቆመው ዙሪያውን አዩት። ከዚያ ወደ አባባ ዞር ብለው ምን በልቶት ነው እንዲህ የሆነ ብለው ጠየቁ።

አባባ አፈረ። በእኔ አይደለም፣ በቃሉ። ምሳ ከተበላ በኋላ ጠራኝና አጎቴ ፊት ፈረደ።

«ስሚ ሩፋይዳ፣ አንድ ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይንገጫገጭ ካወጣሽ እግሩ ይቀመጣል። ለወንድሜ የምለውን እኔ አውቃለሁ። ካልሆነ መፍቻውን ይዘሽ ራስሽ ትፈቺዋለሽ።»

መቼ አልኩት። አሁን አለ።

ወላሂ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ያ ጓዳ ውስጥ ያለው ነገር ብቻ ነበር በዚህ ዓለም እኔ የሠራሁት። ሌላው ሁሉ የሰው ሱሪ ነው። ተቀመጥኩ፣ ቴፑን ከፈትኩ፣ ብረቱን ያዝኩ። ጀመርኩ። ፍየሏም ሚኒባሷ ላይ ወጣች።

አባባ ዐይኑን ጨፈነ፤ ደስ ብሎት እንዳልሆነ ያስታውቃል። አጎቴ ግን የጨርቅ ክምሩ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እግሬን ያያሉ። ሰፊ ሰፊን ሲያይ የሚያየው እግሩን ነው። በመሐል እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ።

«የምን ጨርቅ ነው የምትሰፊው?»

አልሰፋም፣ እየተጫወትኩ ነው አልኳቸው። እግርሽ ግን ይሰፋል አሉኝ፣ ያውም ወፍራም ካኪ። እኔም ተናድጄ፣ አስተማሪዬም እንዲህ ነው የሚያደርገው አልኩና ስልኬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። የእግሩን ቪዲዮ ነበር ያሳየኋቸው። አጎቴ መነጽራቸውን አደረጉ። ስልክ በእጃቸው የሚይዙት እንደ ትኩስ ድንች ነው፣ ግን አልሰለቹም። አዩ፣ አዩ፣ አዩ። አባባ ሊተኛ ደረሰ።

«ይቺ ድመት» አሉ በመጨረሻ፣ «ወደዚያ ስትሄድ ነው እንጂ ስትመለስ አላየኋትም።»

ብዙ ድመት ስላለው ነው አልኳቸው።

«ብዙ ድመት ሁሉም ጆሮዋ የተቆረጠ?»

ስልኩን ነጠቅኳቸው ማለት ይቻላል። ድመቷ ታልፋለች። ግራ ጆሮዋ ጎድሏል። እንደገና ታልፋለች። ግራ ጆሮዋ ጎድሏል። አንድ ድመት ናት። አንድ ጊዜ ነው ያለፈችው። ሰውዬውም የረገጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ረግጦ፣ ይዞ፣ ዜማው ሲፈልግ ለቀቀ። የሚደግመው ስልኩ ነው። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ወርዶ የሚነሳ እግር ሳይ መኪና እየሄደ መሰለኝና ሦስት ወር ሙሉ ያለ ጨርቅ ስሰፋ ከረምኩ።

የአባባ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ነው የሚስቀው። አጎቴ ሳቁን ሳይጋሩት «እግርሽን አስቀምጠሽ እንደገና» አሉኝ።

ማስቀመጥ ግን ቀላል አልነበረም። እግሬ ከጭንቅላቴ በፊት ነው ሥራ የጀመረው። እረግጣለሁ፣ ይዤ እቆያለሁ እላለሁ፣ ሳላውቀው ተረከዜ ይነሳል። አጎቴ ጓዳውን ቃኙና መብራት ሲጠፋ አባባ የሚጠቀምበትን ትልቁን የከሰል ካውያ አነሱ። ቀዝቃዛ ነው፣ ግን እንደ በግ ይከብዳል። እግሬ ላይ አስቀመጡት። ዜማው መፍካት ሲፈልግ ያስቀምጡታል፣ ሊከፋው ሲል ያነሱታል፤ መቼ እንደሆነ አልነገርኳቸውም፣ በጆሯቸው ነበር የሚያውቁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ትዝታው በቦታው ፈካ፣ በቦታው ከፋው። አጎቴ ካውያውን እንደያዙ በአፍንጫቸው አብረው ያዜሙ ጀመር።

አባባ ግን ፍርድ ያውቃል። «ካውያው አይቆጠርም» አለ።

አጎቴ ካውያውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ወደ ክምራቸው ተመለሱ። ብቻዬን ቀረሁ። ጫማዬን አወለቅኩ። ጀመርኩ። የመጀመሪያው ክፍል ያለ መርገጫ ስለሆነ በሰላም አለፈ። ከዚያ ረገጥኩ፣ ክሮቹ ተሳቡ፣ ዜማው ፈካ። ያዝኩት። ጉልበቴ ተነሺ ይለኛል፣ ዝም አልኩት። የእግሬ ጣቶች ብረቱን ጨብጠው ቀሩ፣ ላብ ሲያንሸራትታቸው እየተሰማኝ። ብረቱን በእጄ እስከ ጫፍ አንሸራተትኩና ቀስ ብዬ፣ አንድ ጊዜ፣ እግሬን ለቀቅኩ። ዜማው እንደተጣጠፈ ነጠላ ወደ ታች ወረደና አለቀ። አልተንገጫገጨም። ከውጭ ኣይተ ሓድጉ የመበየጃቸውን ድምፅ አቁመው እንደነበር የገባኝ እንደገና ሲጀምሩ ነው።

አባባ ተነስቶ የሌለ አቧራ ከሱሪው ላይ አራገፈ። አሁን የተቸገረው እሱ ነበር። ለእኔም ቃል አለበት፣ ለወንድሙም ቃል አለበት፣ እግሩ ደግሞ አንድ ነው። ስማ አብዱልወዱድ ብሎ ጀመረ።

«ምን እሰማለሁ፣ ሰማሁት እኮ» አሉ አጎቴ። «እኔ የምፈልገው ብረት ነው። እዚህ ጎረቤታችሁ በያጅ አይደል እንዴ?»

ስለዚህ አዲስ እግር ለኣይተ ሓድጉ ታዘዘ። ኣይተ ሓድጉ ነገ ይደርሳል አሉ። ኣይተ ሓድጉን የማያውቅ ሰው ነገን ነገ ይመስለዋል። በማግስቱ ነገ አሉ፣ ከዚያም ነገ አሉ። አጎቴ አልተቆጡም። ጠዋት አባባን በስፌት ያግዛሉ፣ ከሰዓት ጓዳ ገብተው ጨርቁ ላይ ይቀመጡና ይቺን ተጫወቺ፣ ያቺን ሞክሪ ይሉኛል። ጭራሽ አንድ ቀን ኣይተ ሓድጉ እግሩ ሊያልቅ ነው ሲሉ፣ አጎቴ ምን ያስቸኩልዎታል፣ ቀለም ይቀቡት እንጂ ሲሏቸው ሰማሁ። አባባም ሰምቷል። ሁለት ሥራ ፈት በአንድ ጓዳ አለና ቁልፍ እንድተክል አንድ ክምር ሸሚዝ ወረወረልኝ።

ከሐይቅ ሳሊሃ ደወሉ፣ የአጎቴ ሚስት። ምን ሆነህ ቀረህ ሲሉ ለእኔም ይሰማኛል፤ ድምፃቸው ስልክ አያስፈልገውም። አጎቴ እግሩ እየደረቀ ነው፣ ቀለሙ ማለቴ ነው ብለው ተንተባተቡ። ከዚያ ማስረዳት ሲያቅታቸው ስልኩን ቴፑ አጠገብ ያዙትና በዐይናቸው ጀምሪ አሉኝ። እግሬን አስቀምጬ፣ ይዤ፣ በቦታው ለቅቄ፣ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ያቺን ልጅ ንገራት» አሉ ሳሊሃ፣ «ከላይ ያለችው ክር ወርዳባታለች፣ ታጥብቃት።»

ነካኋት። እውነትም ወርዳ ነበር።