የሚፋቅ ስም

ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ ባሕር አልተሻገረም። እዚሁ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ነው የገባው፤ ከእኛ ሰፈር ከሳውዝ ሲ ተነስተህ መንገዱ ካልተዘጋጋ ቅርብ ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አየዋለሁ፤ በወንዶች በኩል ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ ከእኔ በላይ ይሰግዳል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ ፊት ፊቴን ያየኝ ነበር፣ መቼ ፈንድታ ታለቅስ ይሆን እያለ። አላለቀስኩም። ምግብ ቤቴን ከፈትኩ፣ ሽሮዬን አማሰልኩ፣ ሠራተኞቼን ተቆጣሁ፣ ማታ ገብቼ ተኛሁ። ጥርስ ሐኪም መርፌ ሲወጋህ ድድህ እንደሚደነዝዝ እኔም ሁለመናዬ ደነዘዘ፤ የእኔ ግን አልለቅ አለኝ። "አጸደ ጠንካራ ናት" ይላሉ። ድንቄም ጠንካራ!

ያኔ አንድ ነገር ብቻ ሞክሬ ነበር። የጋብቻ ቀለበቴን ይዤ ፓርክላንድስ፣ ጃየንቲ ወርቅ ቤት ሄድኩ። ጃየንቲ ሽማግሌ ሕንድ ነው፤ የእኔንና የባሌን የይድነቃቸውን ቀለበት የሠራው፣ ስማችንንም በውስጡ በእጁ የቀረጸው እሱ ነው። አማርኛ አያነብም፤ ወረቀት ላይ የጻፍንለትን እያየ ፊደል በፊደል ነው የቆፈረው። "የዚህን ሰውዬ ስም ፋቅልኝ" አልኩት። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ቀለበቱን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ማማ፣ ይሄ የእጅ ሥራ ነው፣ ወርቁ ውስጥ ገብቷል። እሱን ልፋቅ ካልኩ ቀለበቱ ሳስቶ ይሰበራል" አለኝ። ከዚያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የሌዘር ማሽን አሳየኝ፤ ልጆቹ ናቸው የገዙለት። "በዚህ የተጻፈ ቢሆን ላይ ላዩን ብቻ ስለሆነ አንዴ ሞርጄ አጠፋልሽ ነበር።" አመሰገንኩትና ወጣሁ። ቀለበቱን ከጋዝ ደረሰኝ ጋር መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

አሁን ደግሞ ልጄ ሚዛን ልታገባ ነው። እጮኛዋ ኤልናታን ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ እንከን ብፈልግለት አጣሁ። ሽማግሌ ልኮ ሲያስጠይቅ አባቷ "እናቷ ያለችው ይሁን" ብሎ ላከ። ደግነቱ እኮ! ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞር ሲሉ "እሺ" አልኳቸው። በቃ፣ እሺ። እልልታው አልወጣኝም፣ ምርቃቱም አልወጣኝም። ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ክትፎ ብለው ሲያዙኝ የምለው ዓይነት እሺ ነበር።

እንግዶቹ ሄደው ሳህን ሳጥብ ሚዛን አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"ማሚ፣ ደስ ብሎሻል?"

"ብሎኛል።"

"ሲሪየስሊ? ፊትሽ ግን እንደዛ አይልም።"

"ፊቴን ምን ላድርገው ታዲያ? ልቀይረው?"

ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ ነገር በሆዷ አታሳድርም። "እንግዲያው የገዛነው ቀለበት ላይ ስም የምታስጽፊልን አንቺ ነሽ" አለችኝ። "ስማችን በእጅ ይቀረጽ፣ በማሽን ይጻፍ፣ አንቺ ወስኚ። ከኤልናታን ጋር ተነጋግረናል፣ ያልሽው ይሆናል። አፍ አውጥተሽ መመረቅ ካቃተሽ በዚህ መርቂኝ።"

"እሺ" አልኳት። ደግሞ እሺ!

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የሷን ቀለበት ይዘን ፓርክላንድስ ሄድን። ጃየንቲ አልረሳኝም። ስለ ድሮው ግን ትንፍሽ አላለም፤ ጨዋ ሽማግሌ ነው። ለናሙና የሚያስቀምጣቸውን ሁለት ቁራጭ ብሮች ፊታችን አኖረና "በጥፍራችሁ ንኩት" አለን። ሚዛን በእጅ የተቀረጸው ላይ ጥፍሯን ስታሳልፍ ፊቷ በራ።

"ኦ ማሚ፣ ይሄኛው ይይዛል! ንኪው እስቲ!"

ነካሁት። ይይዛል። የማሽኑን ነካሁት፤ ባዶ ብር እንደመንካት ነው። ጃየንቲ የእጁ ቀናት እንደሚፈጅ፣ አንዱ ፊደል ከሌላው ትንሽ እንደሚለይ፣ ማሽኑ ግን ቆማችሁ ሳላችሁ እንደሚጨርስና ፊደሉ ሁሉ እኩል እንደሚወጣ በስዋሂሊ አስረዳን። ሚዛን ዓይኗን ከእጅ ሥራው ላይ መንቀል አቃታት። ቃል ገብታለችና ሁለቱንም ብሮች ወደ እኔ ገፋቻቸው።

"በማሽን ይሁን" አልኩ።

"ለምን?" አለች ቀስ ብላ።

"ንጹሕ ነው። ቶሎም ያልቃል። የሰው እጅ ደግሞ ይስታል። ምግብ ቤቱን ለሠራተኛ ጥዬ መጥቼ እዚህ ልዋልልሽ እንዴ?"

ቀለበቷን ለጃየንቲ አቀበለችው። ጃየንቲ ቀለበቱን ማሽኑ ውስጥ አሰረው፤ ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ብልጭ አለ፣ እንደ ትንኝ ጢዝ ሲል ቆየና ቆመ። ኤልናታን የሚለው ስም ጥርት ብሎ ወጣ። ያምራል፣ ምን ይወጣለታል! ጃየንቲ በጨርቅ ወልውሎ ለሚዛን ሰጣትና፣ የተከፋች ሲመስለው ሊያጽናናት ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ "ይሄም ጥሩ ነው። የማትፈልጊው ቀን ቢመጣ እንኳ አያስቸግርም፤ ሞረድ አስነካዋለሁ፣ ይጠፋል" አላት።

ሚዛን ቀለበቱን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ማሚ፣ የሚፋቀውን ነው የመረጥሽልኝ?"

ቦርሳዬን ከፍቼ የጃየንቲን ሂሳብ መቁጠር ጀመርኩ።

"ይተውሻል ብለሽ ነው?"

"አዎ!" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ጉትቻ የምታማርጥ ሴትዮ ዞር ብላ አየችን። "ቢተውሽስ ብዬ ነው! የእኔ ይኸው አልወጣም ብሎኝ ቀረ። ቢያንስ ያንቺ ይውጣልሽ ብዬ ነው! ምን አጠፋሁ?"

የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። አልጮኸችም።

"አባባ ሲሄድ እኔ አልቅሻለሁ" አለች። "ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ገብቼ በሩን እየቆለፍኩ። ከዚያ ወጣልኝ። አንቺ ግን ማሚ... አባባ ላቪንግተን ነው የሄደው፣ አውቀዋለሁ፣ ሄጄ አየዋለሁ። አንቺ የት እንደሄድሽ ግን አላውቅም።"

ጃየንቲ አማርኛ ባይሰማም ነገሩ ገብቶታል፤ አንገቱን ደፍቶ የተወለወለውን መስታወት መልሶ ይወለውላል። ሚዛን ቀለበቱን ትንሿ ሣጥን ውስጥ ከታ ክዳኑን ገጠመችው።

"እሺ" አለች። "ያልሽው ይሁን ብያለሁ። ሆነ። እንሂድ።"

ይሄኛው እሺ የእኔ ነበር። ቃሉም፣ ድምፁም፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ መትከሏም፣ ሁሉም የእኔ። ልጄ ደስታዋን ይዛ በገባችበት ሱቅ ውስጥ እኔን ሆና ልትወጣ ነው። በስመ አብ! ውስጤ የሆነ ነገር ሲያመኝ ተሰማኝ፤ እንዲህ ካመመኝ ስንት ዘመኔ።

"ቆይ!" ብዬ ሣጥኑን ከእጇ ቀማኋትና ጃየንቲ ፊት ከፈትኩት። "ማሽኑ በጻፈው ላይ በእጅ መቅረጽ ይቻላል?"

"ይቻላል። መስመሩን ተከትዬ እገባለሁ" አለ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አየኝ። "ግን ማማ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከዚያ በኋላ ፋቅልኝ ብትይኝ አልችልም።"

"አልመጣብህም።"

"ልጅቷስ?"

"እሷም አትመጣም። ጥልቅ አድርገው። በደንብ ቆፍረው፣ ሰማህ?"

ተቀበለኝና ቀለበቱን መቅረጫው ጠረጴዛ ላይ አጥብቆ አሰረው። ቀጭኗን መቅረጫ አነሳ፣ ጎንበስ አለ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ጀመረ። ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ከወርቁ ላይ ፀጉር የምታክል ስስ ፍቅፋቂ ተጠቅልላ ወጣች። በቃ፣ ተጀመረ፣ ወደ ኋላ የለም አልኩ በሆዴ፤ ይሄኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጭምድድ አድርጌ ያዝኩ።

"ማሚ! ምን ሆንሽ?"

"ፈራሁ" አልኳት። "ፈራሁልሽ፣ ልጄ።"

ሚዛን እጄን ያዘችኝ።

"እኔም" አለችኝ።