አልነሳም ያለው ላፕቶፕ

ሲስተር ሁለት ቀን በተከታታይ ተረኛ ሆና ከርማ፣ ጠዋት እግሯን እየጎተተች ቤት ስትገባ አባቷ ከክፍላቸው ጠሯት። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። አባቷ ጠረጴዛቸው ፊት ቁጭ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ላፕቶፑን ያያሉ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከላይ በኩል ብቻ ሦስት መስመር ነጭ ጽሑፍ አለ፤ የማስነሻ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ የሲስተሙን መጫኛ ዲስክ አስገብተህ እንደገና ሞክር ይላል።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንዲህ ነው» አሉ። «ድካምሽ ላይ ድካም እንዳልጨምርብሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ነርስ ስለሆነች ሆስፒታሉም ሰፈሩም ሲስተር ይላታል፤ አባቷም ቀልድ ሲያምራቸው እንደዚያው ይጠሯታል። እሳቸውን ደግሞ ሰዉ መሐንዲሱ ይላቸዋል። የምሕንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ኋላም ፎርማን ሆነው ሠላሳ አራት ዓመት ከተማውን ሲቆፍሩና ሲደፍኑ ኖረዋል። በመሥሪያ ቤቱ ካርታ ላይ ያለው ሌላ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው ሌላ ነው፤ ቧንቧው በማን አጥር ሥር እንደሚያልፍ፣ የትኛው መዝጊያ ወደ ግራ እንደሚዞር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ ዕለት ይህንን ሁሉ ለመጻፍ ተቀመጡ። ይኸው ስምንት ዓመት። ባለፈው ወር ዋናው መስመር ፈንድቶ ግማሹ ከተማ ውሃ ሲያጣ፣ በእግራቸው የተተካው ፎርማን ቤት ድረስ መጥቶ መጽሐፉን ለምኗቸው ነበር። ትንሽ ይቀረኛል ብለው መለሱት።

ሲስተር እንቅልፏን ለሌላ ቀን አሳደረችውና ዲስክ ፍለጋ ገባች። ላፕቶፑ ሲገዛ ሁለት ዲስኮች ከካርቶኑ ውስጥ እንደነበሩ ታስታውሳለች። መሳቢያውን ገለበጠች፣ ከአልጋው ሥር ገባች፣ የሟች እናቷን የልብስ ሻንጣ ሳይቀር ፈተሸች። አባቷ በሩ ላይ ቆመው «እኔ ዲስክ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም» ይላሉ። በመጨረሻ ወገቧን ይዛ ነፋስ ልትቀበል ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ በጎረቤታቸው የቲማቲም መደብ ላይ ሁለት ክብ ነገሮች በክር ተንጠልጥለው ሲሽከረከሩና ፀሐይ ሲመልሱ አየች።

ጎረቤታቸው ባል የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። ወፍ ቲማቲሙን ሲጨርስባቸው አባቷ ራሳቸው፣ በገዛ እጃቸው ዲስኮቹን በክር አስረው እንደሰቀሉላቸው ሴትየዋ ነገሯት። «ረስተውት ነው እንጂ የሳቸው ውለታ ነው» አሉ አሮጊቷ፣ ዲስኮቹን ከክሩ እየፈቱ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ተፈራርቀውባቸዋል። ብርማ ልባሳቸው ተልጦ፣ በአንደኛው ላይ ወፎቹ ሳይፈሩ ያኖሩት ምልክት ደርቆበታል። ሲስተር ሳቅም መጣባት፣ ለመሳቅ ግን አቅም አልነበራትም። መልሳ ሰቀለችላቸው።

ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለው ትልቅ የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ላፕቶፑን ሁለት ደቂቃ ነካክተው፣ ይሄ ቀላል ነው፣ ፎርማት አድርገን አዲስ ሲስተም እንጭንበታለን አሏት። እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ እንዲህ ሲደክማት ለማንም እሺ ትላለች። ውስጡ ያለውስ ብላ ጠየቀቻቸው። ውስጡ ያለውማ ይጠፋል አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። ላፕቶፑን አቅፋ ወጣች።

አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ቀስ በሉ ወደሚባል ሰው ላከቻት። ሱቁ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከልብስ ሰፊዎች ቀጥሎ ነው። ሰውየው ሃምሳ ያለፈው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ዓይነት ነው፤ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ አስቀድሞ «ቀስ በሉ» ስለሚል ስሙ ይኸው ሆኖ ቀርቷል። እሷንም ቀስ በሉ አላትና ወንበር ሳበላት። ጽሑፉን አነበበ፣ ጆሮውን ላፕቶፑ ላይ አስጠግቶ አዳመጠ። ሃርድ ዲስኩ አልሞተም፤ የተበላሸው ማስነሻው ብቻ ነው አላት። መጫኛ ዲስኩ ባይኖርም በፍላሽ ላይ የያዘው ሌላ ትንሽ ሲስተም አለ፤ በሱ አስነስቶ መጀመሪያ ፋይሎቹን ያወጣል፣ ጥገናው ከዚያ በኋላ ነው። «ንብረቱ ሳይወጣ ግድግዳ አልነካም» አለ።

ከዚያም ላፕቶፑ በመጨረሻ እንዴት እንደተዘጋ ጠየቃት። አላወቀችም።

ዲስኩ አንዳንድ ቦታ ስለተጎዳ ቅጂው ተንቀራፈፈ። ሲስተር ከግድግዳው ወዲያ ያለውን የስፌት መኪና ድምፅ እየሰማች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳደረገች እንቅልፍ ጣላት። ሰውየው ትከሻዋን ሳይነካ፣ ጠረጴዛውን በጣቱ እያንኳኳ ሲቀሰቅሳት ሁለት ሰዓት ያህል ተኝታለች።

«ሲስተር፣ ፋይሎቹ ወጥተዋል። ግን አንድ ነገር ይዩልኝ። ስቀዳ አበላሽቼባቸው እንዳይሆን ፈርቻለሁ።»

ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረ። ከምዕራፍ አንድ እስከ አሥር ያለው በየፋይሉ፣ በሥርዓት ተቀምጧል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ምዕራፍ አሥራ አንድ ነው፤ ከድልድዩ እስከ ገበያው። አንዱን ከፈተች። ሌላውን ከፈተች። ሁሉም ዛሬ ከድልድዩ እጀምራለሁ ብሎ ይጀምራል። በአንዱ መዝጊያው ከወፍጮ ቤቱ በስተግራ ሦስት እርምጃ ላይ ነው፣ በሌላው በስተቀኝ አምስት፣ በሌላው ወፍጮ ቤቱ ራሱ የለም። የተጻፉበት ቀን የተለያየ ነው። ቆጠረቻቸው፤ አርባ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው።

ሲስተር በምትሠራበት ክፍል እንዲህ ያለውን የመርሳት ሕመም ለስንቱ ቤተሰብ አስረድታለች። የምትላቸው የተለመዱ ቃላት አሏት፣ ለስላሳና የተመጠኑ። አሁን ግን ፋይሎቹን እንደገና ቆጠረቻቸው። አባቷ ራሳቸው የሰቀሉትን ዲስክ አይቼ አላውቅም ያሉት ለምን እንደሆነ አሁን ነው በቅጡ የገባት።

«አላበላሹትም» አለችው። «አባቴ ራሳቸው ናቸው እንዲህ የጻፉት።»

ቀስ በሉ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ረጅም ጊዜ ጠረገው። ማስነሻውን በፍላሹ ጠግኖ ላፕቶፑን አስነሳላትና፣ ፋይሎቹንም በሌላ ፍላሽ ገልብጦ ሰጣት።

ቤት ስትደርስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። አባቷ ባዶው ጠረጴዛ ፊት እዚያው ተቀምጠዋል።

«ተነሳ?» አሏት።

«ተነስቷል አባባ። ምንም የጠፋ የለም።»

ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። እሳቸው ግን ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«አሥራ አንድን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ስንት ጊዜ ነው የጻፍኩት?»

ለበሽተኛ ዋሽታ አታውቅም። ለአባቷ ለመዋሸት ደግሞ በዚያች ሰዓት ጉልበቱ አልነበራትም። «አርባ ሦስት ጊዜ» አለቻቸው።

«እኔስ አሥር ጊዜ ቢሆን ነው ብዬ ነበር» አሉ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ።

ከዚያ በኋላ የነገሯትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የነገሯት። ጠዋት ተነስተው ሲከፍቱት ተጽፎ ያገኙታል፣ የእጃቸው ሥራ መሆኑን ያውቃሉ፣ መጻፋቸውን ግን አያስታውሱም። የላፕቶፑን አዘጋግ ከረሱት ቆይተዋል። ባትሪው ድሮ ስለሞተ፣ ሲጨርሱ የቻርጀሩን ገመድ ከግድግዳው እየነቀሉ ነው የሚተኙት። «የዚያን ዕለት አልነሳ ሲል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ ነው ያልኩት። ሁለት ቀን የደበቅሁሽ ለዚያ ነው።»

ሲስተር ጫማዋን አወለቀችና አልጋቸው ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፣ እንቅልፍ ቀደማት። ስትነቃ ብርድ ልብስ ለብሳለች።

በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙም የምታውቀውን ነገራት። አሥሩን ምዕራፍ በወረቀት አትማ ለፎርማኑ ሰጠችው። ፎርማኑ ቆሞ እያገላበጠ ሲያነብ ቆየና፣ ለአሥራ አንደኛው ለምን ቦታው ላይ አንሄድም አለ። ሲስተር ጠዋት ተረኛ ባልሆነችበት አንድ ቅዳሜ ከድልድዩ ተነሱ። አባቷ ከፊት፣ ፎርማኑ አካፋ ከያዙ ሁለት ሠራተኞች ጋር ከኋላ፣ እሷ ደብተር ይዛ ከጎን።

ጠረጴዛ ላይ የጠፋባቸው ነገር መንገዱ ላይ ሲቆሙ ከፊሉ ተመለሰ። ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን የነበረበትን አገኙት፣ አምስት እርምጃ ቆጠሩና በእግራቸው መሬቱን መቱ። ሠራተኞቹ ክንድ ያህል ሲቆፍሩ አካፋው ብረት ነካ። ፎርማኑ ጉድጓዱ ላይ አጎንብሶ ሳቀ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ግን ሦስት ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈር ብቻ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አባቷ ቆሙና ግራ ቀኙን አዩ፤ ገበያው ወዴት ነው ብለው ጠየቋት። ገበያው ፊት ለፊታቸው ነበር።

አንድ ሱቅ ደረጃ ላይ አስቀመጠቻቸውና ውሃ ገዛችላቸው። አጠጣጣቸው እንደ ሠራተኛ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ።

«ያገኘነውን ጻፊ» አሏት። «ስለ ቀረው እርግጠኛ አልነበረም በይ። ያለዚያ በኔ ስም የሰው አጥር ያፈርሳሉ።»

እንዳሏት ጻፈች። ከሰዓት በኋላ ተረኛ ስለሆነች ለፎርማኑ ደብተሩን ሰጥታው፣ አባቷን ክንዳቸውን ይዛ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው አዘገመች።