የአባ መብረቅ ዱላ

«እንግዲህ ለማን እናርዳ?» አሉ ጋሽ በየነ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ምንጣፉ ላይ አስቀምጠው።

ዓለምሸት ሆስፒታል የሰጧትን የባሏን የጥሩነህን ቀለበት አውራ ጣቷ ላይ አጥልቃ ታሽከረክራለች። ጋሽ በየነ የእድሩ ሽማግሌ ናቸው። ቶሮንቶ ውስጥ ሐበሻ ሲሞት አገር ቤት ላለው ዘመድ መርዶ የሚያስነግሩት እሳቸው ናቸው፤ እዚያ ለሚያውቁት ሰው ስልክ ይደውላሉ፣ ሰውየው ጎረቤት አሰባስቦ ገና ሳይነጋጋ የቤተሰቡን በር ያንኳኳል። ለጥሩነህ ግን የሚንኳኳ በር አልተገኘም።

«አባት እናቱስ?»

«ልጅ ሳለሁ ሞቱ ብሎኛል።»

«ወንድም? እህት?»

«ማንም የለኝም ነበር የሚለኝ ጋሼ።»

«አገሩስ ወዴት ነው?»

«ሸዋ ነው ይላል። ከዚያ አልፌ ከጠየቅኩት ሌላ ጨዋታ ያመጣል።»

ጋሽ በየነ በረጅሙ ተነፈሱ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው የሚባለው። ሰው እንዴት አንድ ዘመድ ያጣል?» አሉ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ሥራቸው መሀል ላይ ተሰናክሎባቸው ነው።

በሩ አጠገብ፣ የበረዶ ጫማ ከተከመረበት ወዲህ፣ ሁለት ለቅሶ ደራሾች ይንሾካሾካሉ። አንደኛዋ «ወፍ ዘራሽ ነው እንዴ?» ስትል ዓለምሸት ሰማች። ሞቱን እንኳ ገና በቅጡ ላላመነች ሴት ይሄ ቃል አንጀት የሚያቆስል ነው። ባሏ እንደማንኛውም ሰው ከሰው የተወለደ ነበር። ግን ከማን? ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር፣ እዚህ ፎቅ ላይ አብራው የኖረችው ሚስቱ ካላወቀች ማን ይወቅለት? ያለ ዘመድ ተቀበረ፤ አሁን ደግሞ ያለ ዘመድ ሊረሳ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አስፈራት።

ጥሩነህ ዝምተኛ ቢሆን ኖሮ ባልከነከናት። እሱ ግን ወሬ አዋቂ ነበር። ችግሩ፣ ወሬው ሁሉ ስለ ቤዝቦል ተጫዋቾች መሆኑ ነው፤ ያውም ስለ ዛሬዎቹ ሳይሆን እሱ ካናዳን ከመርገጡ፣ ምናልባትም ከመወለዱ በፊት ስለተጫወቱት።

ጥሩነህ መጀመሪያ ሐይቁ ዳር በነበረው አሮጌ የቤዝቦል ስታዲየም፣ ኋላም ጣራው በሚከፈተው በአዲሱ፣ ጠራጊ ነበር። ሕዝቡ ሲወጣ እሱና ሊዮ የሚባል ሽማግሌ ፈረንጅ በመቀመጫዎቹ መሀል የኦቾሎኒ ገለባ እየጠረጉ ይወርዳሉ። ሊዮ የድሮ ተጫዋቾችን ገድል በቃሉ የያዘ ሰው ነው። ማን በየትኛው ዓመት ስንት እንደመታ፣ ማን ካልሲውን ሳያጥብ የውድድር ወቅቱን እንደጨረሰ ያወራለታል። ጥሩነህ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ዓለምሸት የሳምንቱን ድካም ሶፋው ላይ ይዛ ጋደም ስትል፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ለእሷ ይተርክላታል።

የፈረንጅ ስማቸው አፉ ላይ አልጥም ስላለው ለሁሉም የፈረስ ስም አወጣላቸው። አባ ቆሎ ነበረ፤ አፉ ከሱፍ ፍሬ ተለይቶ የማያውቅ፣ ጡረታ ሲወጣ ይቆምበት በነበረው ቦታ የሱፍ አበባ በቀለ የተባለለት። አባ ወሬ ነበረ፤ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀልብ፣ መቺውን ስለ ልጆቹና ስለ አማቱ እየጠየቀ ኳሷ እስክታልፈው የሚያዘናጋ። አባ ይቅርታ ደግሞ ወርዋሪ ነው፤ ከመወርወሩ በፊት ኳሷን ወደ አፉ ጠጋ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቃታል። አንድ ቀን ከሐይቁ የተነሣ ጭጋግ ሜዳውን ሲውጠው አባ ይቅርታ የወረወራት ኳስ ተመታች፣ ወደ ላይ ወጣች፣ አልወረደችም።

«እና የት ሄደች?» ትላለች ዓለምሸት፣ ዐይኗ ሊከደን ሲል።

«እኔ ምን አውቄ። አሁንም እየሄደች ይሆናል።»

እንዲህ እያለ ያስተኛታል። በእንቅልፏ አባ ቆሎና አባ ወሬ፣ እንደ ጥምቀት ዕለት ሰው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በጭጋጉ ውስጥ ቀስ እያሉ ሲያልፉ ታያለች። በእውኗ አንድም ጨዋታ አይታ አታውቅም። ለእሷ ዱላና ኳስ ካለበት ሁሉም ቤዝቦል ነው።

ከሁሉ አብልጣ የምትወደው አባ መብረቅን ነበር። ግራኝ ነው። ከመምታቱ በፊት ዱላውን ግንባሩ ላይ ያስነካል። አንድ ቀን የመታት ኳስ ወንዝ ተሻግራ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገባች፤ ቄሱም እስከ ጥምቀት አልመልስም ብለው ያዟት። ዓለምሸት ፈረንጅም ቄስ አለው፣ ምን ይደንቃል ብላ አለፈችው። ሌላ ቀን ደግሞ ዱላው ስቶ የአንድ ባለሀብት ቅልጥም አገኘ። ሰውየው ግን በጨዋታ አይቆጡም ብሎ እያነከሰ ሳቀ። ሌሎቹ ተጫዋቾች ሁሉ መጨረሻ አላቸው፤ አንዱ ቡና ቤት ከፈተ፣ ሌላው ወፈረና አልጋ ላይ ሞተ። አባ መብረቅ ብቻ መጨረሻ የለውም።

ባለፈው ነሐሴ ተጫዋቾቹ አድማ መቱ። ሜዳው ጭር አለ፣ የጥሩነህም ሺፍት ቀነሰ። ቤት መዋል ሲያበዛ አባ መብረቅን ደጋግሞ ያነሣው ጀመር።

«ከዚያስ?» አለችው አንድ እሑድ።

«ከዚያማ ጨዋታው መሀል ላይ ሰዎች መጥተው ጠሩት። እስክመለስ ያዝልኝ ብሎ ዱላውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠና ሄደ።»

«ተመለሰ?»

ጥሩነህ ሳይመልስላት ብርጭቆ ሊያጥብ ተነሣ። ለአንድ ብርጭቆ ውሃው ብዙ ፈሰሰ። ዓለምሸት እየሰማችው እንቅልፍ ወሰዳት። የገና በዓል ካለፈ ብዙም ሳይቆይ የጥሩነህ ልብ አውቶቡስ ውስጥ ቀጥ አለች።

በዚያው በለቅሶው ቀን ከሰዓት በኋላ ሊዮ መጣ። ከኮሪደሩ ማዶ የምትኖረው ያለምወርቅ ካፖርቱን ተቀበለችው። ሽማግሌው በአንድ እጁ ቆቡን፣ በሌላው ያረጀች የቤዝቦል ኳስ ይዞ መሀል ቤት ቆመ። ሐበሻ ለቅሶ ቤት ምን እንደሚደረግ አያውቅም። ወንበር ሰጡት፣ ተቀመጠ።  ከዚያ በሚያውቀው ነገር ጀመረ።

«በየቀኑ አንድ ጥያቄ እጠይቀው ነበር» አለ በእንግሊዝኛ። «ሳይመልስ መጥረጊያ አያነሣም። ካልሲውን ያላጠበው ማነው ስለው፣ በእናንተ ቋንቋ አንድ ስም ይጠራል። እኔም ለመድኳቸው። አባ ኮሎ።»

«አባ ቆሎ» ብላ አረመችው ዓለምሸት፤ ሳቋ አመለጣት። ሴቶቹ ተያዩ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጥርሷ አልታየም ነበር።

ሊዮ ጀግኖቹን አንድ በአንድ ጠራቸው። ዓለምሸት ለጋሽ በየነ ታስተረጉማለች። የወሬው ነገር ሆኖ፣ በመስኮቱ ከሚወርደው በረዶ መሀል አባ ይቅርታ ኳሷን እያባበለ ብቅ ቢል ማንም የሚደነግጥ አይመስልም።

«አባ መብረቅስ?» አለችው።

«እሱ ማነው?»

«ግራኙ። ወንዝ ያሻገራት።»

ሊዮ ዐይኑን ጨፈነ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሰባዎቹን፣ ስድሳዎቹን፣ ሃምሳዎቹን፣ እሱ ራሱ ልጅ እስከነበረበት ዘመን ድረስ። ዐይኑን ሲገልጥ ያፈረ ይመስላል። «እንዲህ ያለ ተጫዋች አልነበረም። ከእኔ አልሰማውም» አላት።

ዓለምሸት ግራ ገብቷት ታሪኩን ከመጀመሪያው አመጣችው፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ወንዙን፣ ቄሱን፣ የባለሀብቱን ቅልጥም። ጋሽ በየነ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«ሰውየው ምን አለ አልሽኝ?»

«በጨዋታ አይቆጡም።»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አሉ ጋሽ በየነ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይሄ የገና ጨዋታ ነው ልጄ። እኛም በልጅነታችን ሜዳ ላይ ስንጫወት የምንለው ነው።»

ሊዮ የተባለው ባይገባውም አንድ ነገር ትዝ አለው። «ሜዳው ባዶ ሲሆን አንዳንዴ ኳስ እወረውርለት ነበር። በመጥረጊያው ነበር የሚመታው። ታዲያ አየር ላይ አይጠብቃትም፤ መሬት እስክትነካ ይተዋትና ጎንበስ ብሎ እየነዳ ይወስዳታል። ይሄማ ሆኪ ነው እለዋለሁ። ይስቅና፣ እኔ ዱላ መያዝ ብቻ ነው የማውቀው፣ የሚመታው ሌላ ነው ይለኛል።»

ዓለምሸት ይህን ስታስተረጉም ነገሩ ገባት። ዱላውን ያዝልኝ የተባለው ታናሽ ወንድም እሑድ እሑድ እዚህ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ የኖረው ጥሩነህ ራሱ ነው። አባ መብረቅን ወንድሜ ብሎ ለመጥራት አቅም ቢያጣ፣ ከፈረንጅ ጀግኖች መሀል አቁሞ አሳያት። እሷ ደግሞ ተኝታ ሰማችው። ምነው አንዴ እንኳ ቁጭ ብዬ በሰማሁት አለች፤ እንባዋ አሁን ያለ ከልካይ ወረደ።

«በዚያ የሽብር ዘመን እንዲህ የተጠራ ሰው ሬሳውም አይሰጥም» አሉ ጋሽ በየነ። «ለቅሶም አይቀመጡለትም፤ ማልቀስ ያስጠረጥራል።»  እሳቸውም ያልተለቀሰለት ሰው ሳይኖራቸው አይቀርም።

ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ለካ መርዶው ለእኛ ኖሯል» አሉ፣ በሩ ጋ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ጥሩነህ ወንድም ነበረው። ግራኝ ነበር፣ የገና ጨዋታ ጀግና። እንቀመጥለት።»

ወፍ ዘራሽ ያለችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ከሁሉ ቀድማ አለቀሰች። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ እንደ ጥንቱ ሰው በፈረስ ስሙ አለቀሱለት፤ ወይኔ አባ መብረቅ፣ ወይኔ ግራኙ እያሉ። ሊዮ ሰዎቹ ሲነሡ ተነሥቶ፣ ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ።

ቤቱ ሲረጋጋ ኳሷን ዘረጋላት። «ከአሮጌው ስታዲየም ናት። ወንበር ሥር ያገኛት እሱ ነው፤ አንተ ዘንድ ትቆይ ብሎ ሰጠኝ።»

ዓለምሸት ተቀብላው የጥሩነህ ፎቶ ወዳለበት ጠረጴዛ ሄደች። መሀል ላይ የነበረውን ፎቶ ወደ ቀኝ ገፋ አድርጋ ለአባ መብረቅ ቦታ አስለቀቀች። ኳሷን በስተግራ አስቀመጠቻት። ኳሷ ተንከባለለች፤ ያዘቻት። ደግማ አስቀመጠቻት፤ አሁንም ተንከባለለች። ቀለበቱን ከአውራ ጣቷ አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ኳሷን በላዩ አኖረቻት። እጇን ቀስ ብላ አነሣች። ኳሷ ረጋች።