ካለሽበት ተከታተይ

እህቴ ኮሌጅ የገባችው ከአክስታችን ላውንደሪ ሳትለቅ ነው። ትምህርቱ ለሠራተኛ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ ነው፤ የቻለ ክፍል ይገኛል፣ ያልቻለ በስልኩ ይከታተላል። እሷ አብዛኛውን በአካል ልትማር ነበር ሐሳቧ። አክስታችን ግን አንድ ቀን መምህሩን ስልኳ ላይ አዩት፤ ነገሩ እዚያው አበቃ።

"ትምህርቱ እግርሽ ድረስ እየመጣልሽ ምን ያንከራትትሻል?" አሏት።

ከዚያ ወዲህ የምትማረው ባንኮኒው ላይ ነው። ስልኩን የውሃ መርጫ ጠርሙሱ ላይ ታስደግፍና አንድ ጆሮዋን ለመምህሩ፣ አንዱን ለደንበኛ ትሰጣለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እተኩሳለሁ።

"ዶክተር፣ ሱሪዬ ደረሰ?" ይላታል ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ።

የምትማረው የላቦራቶሪ ሙያ ነው። ደም መቅዳት በስልክ አይለመድም። ስለዚህ ሐሙስ ሁሉም ኮሌጅ መጥቶ በመርፌ እንዲለማመድ ተነገረ፤ ያልተለማመደ ለሥራ ልምምድ ወደ ሆስፒታል አይላክም። ነጭ ጋውኗን ሰጠችኝ። ኮሌታውን ደጋግሜ ተኮስኩት፤ ላስቲክ አልብሼ ከደንበኞች ልብስ ጋር ሰቀልኩት።

ረቡዕ ዕለት ለመምህሩ ጥያቄ መልሳ ሳትጨርስ ደንበኛ ገባ። ማይኩን ሳትዘጋ ኮት ልታወርድ ዞረች።

"ነገ የሆቴሉ አንሶላ ይመጣል" አሉ አክስታችን ከጓዳ። "ንቅንቅ እንዳትይ። ሱቁን ለማን ጥለሽው ልትሄጂ ነው?"

"እትዬ፣ እኔ እቆምላታለሁ" አልኩ።

"አንተ? ደንበኛ ቀና ብለህ ማየት የምታፍረው? ደግሞስ አንሶላውን ማን ሊተኩሰው ነው?"

ንግግሩ ሁሉ በስልኩ ለክፍሉ ተሰማ። መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እህቴ፣ ችግርሽን ሰምተናል፤ አትጨነቂ። አንቺ ነገ ካለሽበት ተከታተይ። ሆስፒታሉን ለሚቀጥለው ዓመት አዛውሬልሻለሁ።"

"አይ መምህር፣ እኔ እኮ…"

"ምንም አይደል። ትምህርቱ የተመቻቸው እንዳንቺ ላለው ነው" አላትና ወደ ሌላ ተማሪ አለፈ።

የአክስታችን ፊት በራ። "ይባረክ። የሰው ችግር የሚገባው መምህር ነው።"

ሐሙስ ጓደኞቿ ስልኩ ውስጥ አንዱ የአንዱን ክንድ ያስራል። እህቴ እጅጌዋን ሰብስባ የራሷን ደም ሥር በአውራ ጣቷ ትፈልጋለች።

"ዶክተር፣ ይኼ ነጭ ጋውን የማነው?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ሳይወሰድ የቀረ ነው" አለችውና እጅጌዋን መለሰችው። የሆቴሉ መኪና በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ እየነፋ ነበር።