አልጎርስ ያለው እንግዳ

ልባም አንባቢ ሆይ፤ የሰው ልቡና ጥፋትን ሊፈልግ በተነሣ ጊዜ የጎረቤቱን ደጅ በርብሮ፣ የወዳጁን ስም አጉድፎ፣ ሲደክመው ብቻ ወደ ገዛ ቤቱ የሚመለስ ግሩምና ድንቅ ፍጥረት ነው። ለዚህም ምስክራችን፣ በደሴ ከተማ ከባልንጀራው ከአምኃ ጋር የኮምፒውተር ጨዋታ ያዘጋጅ የነበረው ዘርዓብሩክ ነው። አምኃ ሥዕሉን ይሥላል፤ ዘርዓብሩክ ኮዱን ይጽፋል። በጨዋታውም ተጫዋቹ ለአንድ ጨዋ ሽማግሌ እንግዳ ማዕድ ያቀርባል፤ እንግዳውም እንደ አገሩ ወግና ሥርዓት ሁለት ጊዜ «ጠግቤአለሁ» ብሎ ተግደርድሮ፣ በሦስተኛው ጎርሶ፣ የተራራውን መንገድ ሊያሳይ ይገባው ነበር። ግና ምን ያደርጋል! በሞቴ ቢሉት፣ አፈር ስሆን ቢሉት፣ ወይ ፍንክች! እርሱ ካልጎረሰ ጨዋታው አይቀጥልም፤ ሥራው ለገዢዎች የሚቀርብበትም ቀን እየተቃረበ ነበር።

ዘርዓብሩክ ሳምንታት ሙሉ ኮዱን አገላብጦ መረመረ፤ የሚተማመንበትን የመጀመሪያውን ገጽ ግን ገረፍ አድርጎ ያልፈው ነበር። ስሕተቱን ቢያጣ ጊዜ፣ አንድ ትልቅ ድርጅት አምኃን «ወደ እኛ ና» ብሎት እንደ ነበር ትዝ አለውና ልቡ ሻከረ። ከዚያ ወዲያ የአምኃ ዝምታ ሤራ፣ ሣቁም መሸፈኛ መሰለው፤ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ሲያልፍ እንኳ እጁን በዓይኑ ይከተል ጀመር። አምኃም ነገሩ ሳይገባው «ወንድሜ፣ አብረን እንየው» ቢለው፣ «አያስፈልግም» አለ። በማግስቱ «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ልየው» ቢለው ፊቱን አዞረበት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን፣ «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ለማን ብለህ ነው ያበላሸኸው?» አለው። አምኃም የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወጣ።

ዘርዓብሩክም የአምኃ እጅ ያረፈበትን ሁሉ ሊሰርዝ ከመጀመሪያው ገጽ ቢነሣ፣ አንዲት የገዛ ራሱ መስመር ዓይኑን ወጋችው። ግብዣውን የሚቆጥረው ቁጥር ከባዶ እንዲነሣ የምታዝዘውን ቃል፣ ከግብዣው በፊት ሊያኖራት ሲገባ፣ ከግብዣው ውስጥ ከትቷታል! ስለዚህ እንግዳው በተለመነ ቁጥር የቀደመውን ልመና ይረሳል፤ ሁልጊዜም ገና መጀመሪያው ይመስለዋል። መስመሪቱን ከፍ ቢያደርጋት፣ ሽማግሌው በሦስተኛው ልመና ጎረሰ። ዘርዓብሩክ ግን በኀፍረት ተኮማተረ።

ወደ አምኃ ቤት ቢገሠግሥ ከሚስቱ ጋር ለምሳ ቀርቦ አገኘው። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለ፣ ከደጃፉ ሳያልፍ።

አምኃም ከማዕዱ ቀና ብሎ፣ «ይቅር ብያለሁ። ግባ፣ እንብላ» አለ።

«የለም፣ በልቼ ነው የመጣሁ» አለ ዘርዓብሩክ፤ ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ይህንም ብሎ እንደ ወጉ «በሞቴ» እስኪባል ቆሞ ጠበቀ። አምኃ ግን ወደ ማዕዱ ዞሮ መብላቱን ቀጠለ። ኮምፒውተርስ የተለመነውን ረስቶ ከባዶ ይነሣ ይሆናል፤ የተገፋ ልብ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ይቆጥራል።